ፓይተን ተኝቶ ሳለ ማን ይጽፋል?

ፎቶዎቼን የምለይበት ትንሽ ፕሮግራም ፓይተን በሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ጽፌ ነበር። ሥራው ቀላል ነው። አንድ ፎቶ ያሳያል፣ ከዚያ ይቆይ ወይስ ይጥፋ ብሎ ይጠይቃል። ለማቆየት «ኬ»፣ ለማጥፋት «ዲ» ነው። እህቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ ትንሽ ሞከረችውና ዞር ብላ፣ «ኬ ብዬ ነግሬው የለ እንዴ? ደግሞ ኢንተር የምለው ለምንድነው?» አለችኝ።

«እንደሱ ነው የሚሠራው» አልኳት።

ይሄ መልስ እንዳልሆነ ሁለታችንም ገብቶናል። እሷ ትከሻዋን ነቅንቃ ቀጠለች። እኔ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ኪቦርዱ ቁልፉ እንደተነካ ያውቃል። ፊደሏም ስክሪኑ ላይ ወጥታለች፣ ሁላችንም አይተናታል። ታዲያ ፕሮግራሙ ብቻ እንዳላየ ሆኖ የሚጠብቀው ምንድነው?

ፕሮግራሚንግን በሲ ቋንቋ የጀመረ ሰው፣ ቱርቦ ሲ በሚባለው የድሮ የሲ መሥሪያ ላይ የነበረችውን ጌትሲኤች የምትባል ፋንክሽን (ተጠርታ ሥራ የምትሠራ የኮድ ቁራጭ) ያስታውሳታል። አንድ ቁልፍ ትጫናለህ፣ ወዲያው ትቀበልሃለች፣ አለቀ። ብዙዎቻችን ውጤቱ ከስክሪኑ እንዳይጠፋብን ብለን ከፕሮግራሙ መጨረሻ ላይ እንሰካት ነበር። ፓይተን ውስጥ እንደሷ በሁሉም ኮምፒውተር ላይ እኩል የምትሠራ ነገር የለችም። ዊንዶውስ ላይ ኤምኤስቪሲአርቲ የሚባል ሞጁል (ከፓይተን ጋር የሚመጣ ዝግጁ ኮድ) አለ፣ እዚያ ጌትሲኤች ከነስሟ ትገኛለች፣ በአንድ መስመር ይገላገሉታል። ሊኑክስና ማክ ላይ ግን ተርሚዮስና ቲቲዋይ ከሚባሉ ሁለት ሞጁሎች ጋር ትግል ነው። አሥር መስመር ገደማ የምትሆን ኮድ አለች፤ ሁሉም ሰው ከሆነ ቦታ ይቀዳታል፣ ይለጥፋታል፣ ትሠራለች። አንዲት ፊደል ለመቀበል አሥር መስመር ለምን እንዳስፈለገ የሚጠይቅ ግን ብዙም አላየሁም።

ጉዳዩ የተገለጠልኝ ማንበብ የሚባለውን ትቼ ምንም የማያነብ ፕሮግራም ስጽፍ ነው።

የ10 ሰከንድ እንቅልፍ

ሙከራውን እናንተም አድርጉት። አንድ ትእዛዝ ብቻ ያለው ፕሮግራም ጻፉ፤ ከታይም ሞጁል ስሊፕን ጠርቶ 10 ሰከንድ የሚተኛ። ምንም አይጠይቅ፣ ምንም አይጻፍ። ሊኑክስ ወይም ማክ ላይ በተርሚናል (ትእዛዝ በሚጻፍበት መስኮት) አስነሱትና ተኝቶ ሳለ ኪቦርዱን መነካካት ጀምሩ።

ፊደሎቹ ይወጣሉ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ፓይተን ተኝቷል። ጽሑፍ የሚቀበለው ኢንፑት አልተጠራም፣ ጽሑፍ የሚያወጣው ፕሪንት አልተጠራም። ፕሮግራሙ በእነዚህ 10 ሰከንዶች አንዲት መስመር እንኳ አይሠራም። ሆኖም የነካችሁት ፊደል ሁሉ ስክሪኑ ላይ ይደረደራል። ባክስፔስ ስትጫኑ ደግሞ የመጨረሻዋ ፊደል ትጠፋለች። ኮንትሮል ሲ ብትሉ ፕሮግራሙ ከእንቅልፉ ተቀስቅሶ ይቆማል። ሳታቋርጡት ከተዋችሁት ደግሞ ሌላ ነገር ታያላችሁ። ፕሮግራሙ አልቆ ትእዛዛችሁን የሚቀበለው ሼል ሲመለስ፣ ቅድም የጻፋችሁት ሁሉ አዲሱ መስመር ላይ እንደገና ብቅ ይላል። የሆነ ቦታ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው።

እኔ ለረጅም ጊዜ የማስበው የጻፍኩትን ስክሪኑ ላይ የሚያወጣው የኢንፑት ፋንክሽን ነው ብዬ ነበር። ብዙ ሰው እንዲሁ የሚያስብ ይመስለኛል። ፓይተን ተኝቶ ሳለ ፊደሎቹ ሲደረደሩ ሳይ ግን ጥያቄው ራሱ ተገለበጠ። ፓይተን ለምን ይዘገያል የሚለው ቀርቶ፣ በእኔና በፓይተን መሀል ያለው ማነው የሚል ሆነ።

መሀል ያለው የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ከርነል፣ ማለትም እምብርቱ፣ ነው። እዚያ ውስጥ ላይን ዲሲፕሊን የሚባል ክፍል አለ። በር ላይ የተቀመጠ ጸሐፊ በሉት። እናንተ ስትናገሩ እሱ ይጽፋል፣ የጻፈውን ለእናንተ መልሶ ያሳያል፣ ተሳሳትኩ ስትሉት ይሰርዛል። ውስጥ ያለውን ባለጉዳይ የሚያስቸግረው ዓረፍተ ነገራችሁን ጨርሳችሁ ኢንተር ስትሉ ብቻ ነው። ፓይተን የእህቴን «ኬ» አላየም ያልኩት ለዚህ ነው። ጸሐፊው ገና አላስረከበውም። ይሄ አሠራር ካኖኒካል ሞድ ይባላል። ተርሚናል ስትከፍቱ ፕሮግራሞቻችሁ በአብዛኛው የሚነሱት በዚህ ሞድ ነው።

ይህን ሁሉ ያመጣው ጥንት ነው። ዩኒክስ የሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም በ1969 ሲጀመር ሰዎች ከኮምፒውተር ጋር የሚነጋገሩት ስክሪን በሌለው፣ ወረቀት ላይ በሚያትም ቴሌታይፕ ነበር። በ1963 የወጣው ሞዴል 33 በሰከንድ 10 ፊደል ብቻ ነበር የሚያስተላልፈው። አንዱን ኮምፒውተር ብዙ ሰው በሚጋራበት ጊዜ፣ ለእያንዳንዷ ፊደል ፕሮግራሙን መቀስቀስ ብክነት ነው። ስለዚህ ከርነሉ መስመሩን አጠራቅሞ አንዴ ያቀብላል። ዛሬ ቴሌታይፑ ሙዚየም ገብቷል፣ ጸሐፊው ግን ከወንበሩ አልተነሳም። የዚያን ዘመን ቅሪት ከፈለጋችሁ ባክስፔስን ተመልከቱ። በብዙ ተርሚናሎች ላይ የሚልከው ቁጥር 127 ነው። ለምን 127? በሚበሳው የወረቀት ጥብጣብ ላይ ስህተት ሲፈጠር ሰባቱንም ቀዳዳ በስቶ ማጥፋት ይቻል ነበር። ሰባቱም ሲበሱ የሚሰጡት ቁጥር 127 ነው።

ጸሐፊው ሲሰናበት

እነዚያ የምንቀዳቸው አሥር መስመሮች የሚሉት እንግዲህ ይሄን ነው፦ ጸሐፊው ለጊዜው ይነሳ። መጀመሪያ ተርሚናሉ አሁን ያለበትን ሁኔታ ይመዘግባሉ። ከዚያ ማጠራቀሙንና መልሶ ማሳየቱን ያጠፋሉ። አንድ ፊደል ያነባሉ። በመጨረሻ የተመዘገበውን ሁኔታ ይመልሳሉ።

ለዚህ ፓይተን ሁለት መንገድ ያቀርባል። አንዱ ሴት-ሲብሬክ፣ ሌላው ሴት-ሮው ይባላል። የሚቀዱት ኮዶች ብዙዎቹ ሮውን ይጠቀማሉ፤ ይሄ አይገባኝም። ሲብሬክ ማጠራቀሙንና ማሳየቱን ብቻ ይወስዳል። ሮው ግን ጸሐፊውን ከነዕቃው ነው የሚያባርረው። ኮንትሮል ሲ አይሠራም። ፕሮግራሙን በማቆም ፋንታ ቁጥር 3 ሆኖ ይመጣላችኋል፤ ሲ ሦስተኛ ፊደል ስለሆነች። ያንን 3 ካልጠበቃችሁት ፕሮግራሙን ከኪቦርድ ማስቆም ሊያቅታችሁ ነው። ሌላም አለ። አዲስ መስመር ስትጽፉ ወደ መስመሩ መጀመሪያ የሚመልሳችሁ ጸሐፊው ነበር። እሱ ከሌለ ሁለተኛው መስመር የመጀመሪያው ካቆመበት አምድ ይጀምራል፣ ሦስተኛው ከሁለተኛው መጨረሻ፣ እንዲህ እያለ ጽሑፋችሁ ወደ ቀኝ ይንሸራተታል። ይህን አይቶ የሕትመት ኮዱ ውስጥ ስህተት ሲፈልግ የሚውል ሰው አለ።

ከኮንትሮል ጋር ያለው ነገር ደግሞ የራሱ ወግ አለው። ኮንትሮል ኤም ቁጥር 13 ነው፣ ኢንተርም 13 ነው። ኮንትሮል አይ 9 ነው፣ ታብም 9። በተለመደው ተርሚናል ላይ ፕሮግራማችሁ ሁለቱን የሚለይበት መንገድ የለውም። «ኮንትሮል አይን ለይቼ ልያዝ» ብላችሁ ከሆነ ታብም አብሮ ይመጣል፤ ተዉት።

ዋናው መዘዝ ግን ሌላ ነው። ይሄ ሁሉ ቅንብር የፕሮግራሙ ሳይሆን የተርሚናሉ ነው። ፕሮግራሙ መሀል ላይ በኤረር ቢወድቅ ጸሐፊው ተመልሶ አይመጣም። ሼሉ ይመለሳል፣ እናንተ ትጽፋላችሁ፣ ምንም አይታይም። የሞተው ፕሮግራም የተወው ትእዛዝ አሁንም እየሠራ ነው። ስለዚህ የማንበቢያው ኮድ ትራይ ውስጥ፣ የመመለሻው ደግሞ ኤረር ቢመጣም ባይመጣም በሚሠራው ፋይናሊ ውስጥ መግባት አለበት። ይሄ ለውበት አይደለም። ከፓይተን 3.12 ጀምሮ ሁለቱም ፋንክሽኖች የቀድሞውን ሁኔታ ራሳቸው መልሰው ስለሚሰጡ አንድ መስመር ቀንሷል። ፋይናሊም ቢሆን ለሁሉም ዋስትና አይደለም። ከሌላ መስኮት በኪል ትእዛዝ ከተገደለ፣ ራሳችሁ የመግደያ መልእክቱን (ሲግናሉን) ካልያዛችሁት በቀር ፓይተን ፋይናሊን ሳያይ ነው የሚሄደው።

ተርሚናሉ እንዲህ ከተበላሸባችሁ አትዝጉት። ባይታያችሁም «ኤስቲቲዋይ ሴን» የሚለውን ትእዛዝ በደንቡ ፊደሉ ጻፉና ኢንተር በሉ፣ ይመለሳል። ኢንተሩም እምቢ ካለ በምትኩ ኮንትሮል ጄ ተጫኑ። ኢንተር የሚልከው 13ን ነው፣ ወደ 10 የሚቀይርልን ጸሐፊው ነበር። ኮንትሮል ጄ ግን ራሱ 10 ነው።

አንድ ቁልፍ፣ ሦስት ባይት

አሁን አንዲት ፊደል ማንበብ ችለናል እንበል። እህቴ ወደ ቀደመው ፎቶ ለመመለስ የግራ ቀስቱን ብትጫንስ?

ተርሚናሉ ለግራ ቀስት የሚልከው አንድ ነገር አይደለም። ሦስት ባይት፣ ማለትም ሦስት ቁጥር፣ ነው፦ 27፣ 91፣ 68። መጀመሪያው የኢስኬፕ ቁልፍ ቁጥር ነው። ሁለተኛው ክፍት የማዕዘን ቅንፍ። ሦስተኛው ደግሞ ትልቁ የእንግሊዝኛ ፊደል «ዲ»። ፕሮግራማችሁ አንድ አንድ እያለ የሚያነብ ከሆነ ሦስት ቁልፍ የተጫነ ይመስለዋል። ኢስኬፕን አያውቀውም፣ ያልፈዋል። ቅንፉን አያውቀውም፣ ያልፈዋል። ከዚያ «ዲ» ይመጣል። ተጠቃሚው ትልቅም ትንሽም ፊደል ቢጽፍ ግድ የለም ብላችሁ ሁሉንም ወደ ትንሽ ፊደል ቀይራችሁ ከሆነ፣ የግራ ቀስት ፎቶ አጠፋ ማለት ነው። ወደ ኋላ ልመለስ ያለ ሰው ፎቶውን ያጣል። ከዚህ የባሰ ስህተት አላውቅም።

እነዚህ ተከታታይ ባይቶች የተለመዱት ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን በ1978 ባወጣው ቪቲ100 በተባለ ተርሚናል ዘመን ነው። ዛሬ በመስኮት ውስጥ የምንከፍተው ተርሚናል እስካሁን እሱን ያስመስላል። ችግሩ ኢስኬፕ ብቻውን ሲጫኑትም 27 መሆኑ ነው። 27 ደረሳችሁ፤ ሰውየው ኢስኬፕ ተጫነ ወይስ የቀስት መጀመሪያ ነው? ከቁጥሩ አይታወቅም። ያለው መፍትሔ መጠበቅ ብቻ ነው። ተከታይ ካልመጣ ኢስኬፕ ነበር። የተርሚናል ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ኢንከርስስ የሚባለው ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) በነባሪው 1000 ሚሊሰከንድ ይጠብቃል። አንዳንድ የተርሚናል ፕሮግራሞች ላይ ኢስኬፕ ስትሉ የምትዘገየው ነገር እሷ ናት። ኢንከርስስን ለፓይተን የሚያቀርበው ከርስስ ሞጁል ይህን ጊዜ ማሳጠሪያ ያገኘው 3.9 ላይ ነው።

ጊዜ ወስኖ ለመጠበቅ ብዙ ሰው ሴሌክት የሚባለውን ይጠቀማል። «የሚነበብ ነገር አለ?» ብሎ ከርነሉን ይጠይቃል። ይሄ ጥሩ ነው፣ ግን ወጥመድ አለበት። ከፓይተን መደበኛ ግብዓት ላይ አንድ ፊደል ብቻ አንብብ ስትሉት፣ ፓይተን ከከርነሉ ያለውን ሁሉ ጠራርጎ ወደ ራሱ ባፈር (ጊዜያዊ ማከማቻ) ይወስዳል፣ ለእናንተ አንዷን ይሰጣል። ከዚያ ሴሌክትን ትጠይቃላችሁ። ከርነሉ «እኔ ጋ ምንም የለም» ይላል። እውነቱን ነው። የቀስቱ ሁለት ባይቶች ፕሮግራማችሁ ሆድ ውስጥ ናቸው፣ እናንተ ግን አታዩዋቸውም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው ይሄ ነው። ኢስኬፕ ነው ብላችሁ ትወስናላችሁ፣ ቅንፍና «ዲ» በሚቀጥለው ጥያቄ ላይ ድንገት ይመጣሉ።

መውጫው ባፈሩን መዝለል ነው። የኦኤስ ሞጁል ሪድ በቀጥታ ከከርነሉ ያነባል። እዚያ ደግሞ የምናገኘው ፊደል ሳይሆን ባይት ነው። ለእንግሊዝኛ ሁለቱ አንድ ስለሆኑ አይታወቅም። «ሀ» ብላችሁ ስትጽፉ ግን የሚመጣው 225፣ 136፣ 128 ነው። የምንጽፍባቸው የግዕዝ ፊደላት፣ ፊደልን ወደ ባይት በሚቀይረው በዩቲኤፍ 8 አሠራር፣ እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ባይት ናቸው። አንድ ባይት ብቻ ያነበበ ፕሮግራም የ«ሀ»ን ሲሶ ይዞ ነው የቀረው። ብዙ ቦታ የተለጠፈው ኮድ የሚሞከረው በእንግሊዝኛ ፊደል ስለሆነ ይህ ሳይታይ ያልፋል። እኔ የምመርጠው ያለውን ባይት ሁሉ በአንዴ አንብቦ፣ ኮዴክስ ሞጁል ውስጥ ላለው ባይቶችን ቀስ በቀስ ወደ ፊደል ለሚፈታው ዲኮደር መስጠት ነው። ጎዶሎ ፊደል ሲያጋጥመው ቀሪውን ይጠብቃል።

በአማርኛ ስንጽፍ ሌላም የሚገርም ነገር አለ። አንዷን ፊደል ለማውጣት ብዙ ጊዜ ከአንድ ቁልፍ በላይ እንጫናለን። ፕሮግራሙ ያንን አያይም። የመጻፊያው ሶፍትዌር መሀል ላይ ሆኖ ቁልፎቹን ያጣምርና ያለቀችውን ፊደል ብቻ ያደርሳል። ተርሚናል የሚያስተላልፈው ፊደል ነው፣ ቁልፍ አይደለም። ሺፍት ብቻውን ተጫነ ወይ፣ ጣቱን አነሳ ወይ፣ እነዚህ በተለመደው ተርሚናል አይታወቁም። ጌም ለሚሠራ ሰው ፓይጌም የሚባለው ላይብረሪ ይሻለዋል። ቁልፍን በቀጥታ ከመሣሪያው የሚያነቡ ላይብረሪዎችም አሉ። ከእነሱ አንዱ፣ ኪቦርድ የሚባለው፣ ሊኑክስ ላይ የሩት (የዋና አስተዳዳሪ) ፈቃድ ይጠይቃል። ሌላ መስኮት ላይ የምትጽፉትንም ያያል። «ኬ» ወይስ «ዲ» ለማለት ይሄን ማምጣት ለእኔ ከልክ ያለፈ ነው።

ዊንዶውስ ላይ ታሪኩ አጭር ነው። ቀስት ሲጫኑ ጌትሲኤች ሁለት ጊዜ ትጠራለች፣ መጀመሪያ 0 ወይም 224 ትሰጣለች፣ ቀጥሎ የቁልፉን ቁጥር። የአማርኛ ፊደል ከፈለጋችሁ ዩኒኮድ የምታውቀዋን ጌትደብሊውሲኤች ተጠቀሙ። ከፓይተን ጋር በሚመጣው የኮድ መጻፊያ በአይድል ውስጥ ሆናችሁ ተርሚዮስን ከሞከራችሁ ደግሞ ኤረር ብቻ ነው የምታገኙት። እዚያ ተርሚናል የለም፣ ስለዚህ የሚሰናበት ጸሐፊም የለም። ሌላ ቦታ ግብዓቱ ተርሚናል መሆኑን መጀመሪያ በኢዝ-ኤቲቲዋይ መጠየቅ ደግ ነው፤ አይድል ግን ተርሚናል ሳይኖረውም ለዚህ ጥያቄ «አዎ» ብሎ ይመልሳል።

ኢንተር የተወው ቦታ

ፕሮግራሜን አስተካከልኩት። ግን ሁሉንም ጥያቄ ወደ አንድ ቁልፍ አልቀየርኩም።

አንዱ ምክንያት ኪቦርድ ቁልፉ ተይዞ ሲቆይ መደጋገሙ ነው። ጣት «ዲ» ላይ ትንሽ ከዘገየ ሌላ «ዲ»፣ ሌላ «ዲ» እያለ ይቀጥላል። ኢንተር በነበረበት ጊዜ ይሄ አንድ መስመር ላይ የተደረደረ ፊደል ብቻ ነበር፣ በባክስፔስ ይጠፋል። አሁን እያንዳንዱ አንድ ፎቶ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ ይረቅቃል። ትልቅ ፎቶ እስኪከፈት የተጫኑት ቁልፍ አይጠፋም፣ ከርነሉ ጋ ይሰለፋል። ፎቶው ሲከፈት ፕሮግራሙ ያንን ቁልፍ ለአዲሱ ፎቶ የተሰጠ መልስ አድርጎ ይወስደዋል። ሰውየው ገና ፎቶውን አላየውም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እዚህ ግን የፈሰሰው ላይለቀምም ይችላል።

የሚገርመው፣ ሴት-ሲብሬክ በነባሪው ተርሚናሉን ሲቀይር ያልተነበበውን ግብዓት አብሮ ይጥላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጥያቄ የሚጠራው ሰው ሳያውቀው ከዚህ አደጋ ይጠበቃል። መጀመሪያ ላይ አንዴ ብቻ የሚጠራው አይጠበቅም። ሁለቱም ኮድ ሲነበብ አንድ ዓይነት ይመስላል። ሁልጊዜ መጣልም ደስ አይልም። ፈጣን ሰው ቀድሞ የጻፈው ሲጠፋበት ይናደዳል፣ እውነትም አለው። እኔ ሲብሬክን መጀመሪያ ላይ አንዴ ጠርቼ፣ ያልተነበበውን የሚጥለውን የተርሚዮስ ቲሲፍላሽ «ዲ» ከተጫኑ በኋላ ብቻ እጠራለሁ።

«ኬ» እና ቀስቶቹ በአንድ ንክኪ ይሠራሉ። «ዲ» ፎቶውን አያጠፋም፣ ወደ ሌላ ፎልደር ይወስደዋል። ያ ፎልደር በመጨረሻ ሲጸዳ ፕሮግራሙ ሙሉ ቃል አስጽፎ ኢንተር ይጠብቃል፤ በተራ ኢንፑት። ይህን የምታደርጉ ከሆነ ኢንፑትን ከመጥራታችሁ በፊት ተርሚናሉን ወደ ቀድሞው ሁኔታ መልሱት። ሲብሬክ ላይ እያለ ከጠራችሁት ተጠቃሚው የሚጽፈው አይታየውም፣ ፕሮግራሙ የደረቀ ይመስለዋል።